የማንደጃው ወጪና ገቢ

ኅዳር ሲገባ የደሴ ብርድ ከጦሳ ተራራ ይወርዳል። ሆጤ ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልገውም፤ አመሻሹ ላይ በየደጃፉ የሚራገበውን ማንደጃ ማየት ይበቃዋል። ከታች ደቃቁ ከሰል ይነጠፋል፣ ከላይ ጉማጅ ጉማጁ ይደረደራል፣ መሃሉ ላይ ላምባ የነካው ጨርቅ ይሸጎጥና ክብሪት ይጫራል። ከዚያ በኋላ ሥራው ማራገብ ነው። ካርቶን፣ የአሮጌ ደብተር ልባስ፣ የተቀደደ ሰፌድ፣ እጅ የገባው ሁሉ ማራገቢያ ይሆናል። ጥቂት ደቂቃ ጭሱ ዐይን ያስለቅሳል። እናት ከውስጥ «አብሽር ልጄ፣ ያዘልህ!» ትላለች። እውነትም ይይዛል። ጭሱ ይቆማል፣ የከሰሉ ዳር አመድ ይለብሳል፣ መሃሉ ይቀላል፤ ማንደጃውም እንደ ክቡር እንግዳ ወደ ቤት ይገባል።

በማግስቱ ያው ልጅ ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ «ኤክሶተርሚክ» እና «ኢንዶተርሚክ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይገለብጣል። የመጀመሪያው ሙቀት የሚሰጥ፣ ሁለተኛው ሙቀት የሚወስድ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው። ከቃላቱ አጠገብ ዴልታ ኤች የሚባል ምልክት አለ፤ ለሚሰጠው የመቀነስ፣ ለሚወስደው የመደመር ምልክት ይደረግበታል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይደናገራል። ሙቀት የሚሰጥ ነገር እንዴት የመቀነስ ምልክት ይሰጠዋል? መልሱ ሂሳቡ የሚያዘው በማን ስም እንደሆነ ሲታወቅ ይቀላል። መዝገቡ የከሰሉና የአየሩ እንጂ የቤቱ አይደለም። እነሱ ያወጡትን ቤቱ ይቀበላል፤ ስለዚህ በእነሱ መዝገብ ወጪ ነው።

ከምልክቱ የባሰ ግን ሌላ ስህተት አለ። «ሙቀቱ ከሰሉ ውስጥ ታምቆ ነበር፤ ሲነድ ወጣ» ይባላል። አባባሉ ለጨዋታ ያህል ደኅና ነው፤ ለፈተና ግን አይሆንም። ከሰል ብቻውን ምንም ሙቀት እንደማይሰጥ የሚመሰክረው ራሱ ከሰል አክሳዩ ነው። ቆላ ወርዶ የግራር እንጨት ይከምራል፣ ሳርና አፈር ያለብሰዋል፣ ይለኩሰዋል፣ ከዚያ አየር እንዳይገባ ቀዳዳውን ሁሉ እየተከታተለ ይደፍናል። ክምሩ ለቀናት ይግላል፤ አፈሩ ሲገለጥ ከሰሉ ጥቁር ሆኖ፣ ሳይነድ ይገኛል። አንድ ቦታ ቀዳዳ ቢያመልጠው ግን በዚያ በኩል ያለው ሁሉ አመድ ሆኖ ይጠብቀዋል። ልዩነቱ ኦክስጅን ነው። ሙቀቱ የከሰሉ ብቻ ሳይሆን የከሰሉና የኦክስጅኑ የጋራ ውጤት ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን እንየው። ሂሳቡ የሚሠራው በ12 ግራም ካርቦን ነው፤ ኬሚስቶች አንድ ሞል ይሉታል። ካርቦኑን አቶም ከአቶም ለመለያየት 717 ኪሎጁል ወጪ ይጠይቃል። መጽሐፉ ይህን ቁጥር የሚሰጠው ለግራፋይት ነው፤ ከሰል ትንሽ ይለያል፣ ለእኛ ጉዳይ ግን ይበቃል። ኦክስጅኑም ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተሳሰረ ስለሆነ እሱን ለመፍታት 498 ኪሎጁል ይወጣል። ጠቅላላ ወጪ 1,215። እስካሁን የተገኘ ምንም ሙቀት የለም፤ የተከፈለ ብቻ ነው። ከዚያ አንዱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅኖችን ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ አዲሶቹ ትስስሮች 1,609 ኪሎጁል ገቢ ያመጣሉ። ከ1,609 ላይ 1,215 ሲቀነስ 394 ይቀራል። እጃችንን የምንሞቀው በዚህ ትርፍ ነው።

ተማሪ ሊይዘው የሚገባው ነገር ይኸው ነው። ትስስር መፍታት ሁልጊዜ ያስከፍላል፣ ትስስር መፍጠር ሁልጊዜ ይከፍላል። ብዙዎች ግን «ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይወጣል» ብለው ይጽፋሉ፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ላምባ የነካው ጨርቅስ? እሱ መነሻ ብድር ነው። ገቢው እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያውን ወጪ የሚሸፍን አካል ያስፈልጋል። ከሰል በጆንያ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ በራሱ አይቀጣጠልም፤ በዙሪያው ኦክስጅን ሞልቶ እያለ የመነሻው ገንዘብ ስለሌለው ብቻ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መጽሐፉ ይህን የማነሳሻ ኃይል ይለዋል። አንዴ ከተያያዘ በኋላ ግን የመጀመሪያው ጉማጅ ትርፍ ለሚቀጥለው ጉማጅ ብድር ይሆናል፣ ላምባውም ይረሳል። ማራገቡ ደግሞ ኦክስጅን ማቅረብ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየሯ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሆጤ ልጅ ከጅቡቲ ልጅ የበለጠ ቢያራግብ ስንፍና የለበትም።

ማንደጃው ቤት ከገባ በኋላ ጀበናው ይጣዳል። አንድ ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ ስንት ይፈልጋል? ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ግፊቱ ያነሰ ስለሆነ። ባቄላና ሽምብራ ደሴ ላይ ለመብሰል ዝቅ ብላ ከተቀመጠችው ከኮምቦልቻ የበለጠ ጊዜ የሚወስዱትም ለዚሁ ነው፤ ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ነው። ለሊትሩ ውሃ የሚያስፈልገው 320 ኪሎጁል ያህል ነው። አንድ ኪሎ ደኅና ከሰል ሲነድ 29,000 ኪሎጁል አካባቢ ይሰጣል። ስለዚህ፣ በወረቀት ላይ፣ ጀበናውን ለማፍላት 11 ግራም፣ ማለትም አንድ ትንሽ ጉማጅ ይበቃል።

በወረቀት ላይ እንጂ በማንደጃ ላይ እንዳልሆነ ቡና ያፈላ ሁሉ ያውቃል። ከአቦል እስከ በረካ የሚነደው ከሰል የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ከትርፉ አብዛኛው በማንደጃው ጎንና በአናቱ ወጥቶ ቤቱን ያሞቃል። በኅዳር ማታ ይህ ኪሳራ አይባልም፤ ግማሹ የቡናው ዓላማ እሱ ነው። በየቀኑ ከሰል ለሚገዛ ቤት ግን ገንዘብ ነው። በ1980ዎቹ የተስፋፋው ላቀች ማንደጃ የሸክላ ሽፋኑ ሙቀቱን ወደ ድስቱ እንዲመልስ ተብሎ የተሠራ ሲሆን ከድሮው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ሲወዳደር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ይባልለታል። ትልቁ ኪሳራ ግን ማንደጃው ጋ ከመድረሱ በፊት ያለቀ ነው። በአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። እንጨቱ እንዳለ ቢነድ ይሰጥ ከነበረው ሙቀት አብዛኛው ቆላው ላይ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ደሴ የሚደርሰው ቀላልና ጭስ የማያበዛው ቅሪት ነው።

አሁን መብራት ይጥፋና ማንደጃውን ቀረብ ብለን እንየው። ከቀላው ፍም አናት ላይ ሰማያዊ ነበልባል ይልሳል፤ ቀጭን፣ ብልጭ ድርግም የሚል። ልጆች ይወዱታል። ምን እንደሆነ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከታች የገባው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጋለው ከሰል መሃል ወደ ላይ ሲያልፍ ሌላ ካርቦን ያገኛል። አንዱ ኦክስጅን ወደ አዲሱ ካርቦን ይሄድና ከአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ለውጥ ሙቀት አይሰጥም፤ 172 ኪሎጁል ይወስዳል። ተማሪ ኢንዶተርሚክ ለውጥ በላቦራቶሪ ብቻ ይመስለዋል፤ እዚሁ በእሳቱ ሆድ ውስጥ፣ ከኤክሶተርሚኩ ጎን ለጎን እየተካሄደ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ አናቱ ላይ ደርሶ በቂ አየርና በቂ ሙቀት ሲያገኝ እንደገና ይነዳል። ሰማያዊው ነበልባል እሱ ነው።

በሂሳብ ቋንቋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግማሽ መንገድ የሄደ ካርቦን ነው። 394 ማግኘት ሲገባው 111 ብቻ አስገብቶ ይቆማል። ቀሪው 283 ነበልባሉ ካለ ይከፈላል፣ ከሌለ ሳይከፈል ከነጋዙ ወደ ክፍሉ ይበተናል። አየሩ ሲያንስ፣ ማንደጃው በአመድ ሲዳፈን፣ በርና መስኮት ሲዘጋ ደግሞ ሰማያዊው ነበልባል ይጠፋል፤ ያልተከፈለው ሂሳብ ይበዛል።

አደጋው ጋዙ ሽታም ቀለምም የሌለው መሆኑ ነው። ከሰል ጭሱ ሲያልቅ መርዙ ያለቀ ይመስላል፤ ጭሱ ግን ሌላ፣ መርዙ ሌላ ነው። የሚያስለቅሰው ጭስ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው የእንጨት ቅሪት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚበዛው ከሰሉ «ጠርቷል» ተብሎ ማንደጃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ይከብዳል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይጫጫናል። ሰውየው ድካም መስሎት ይተኛል። በክረምትና በብርድ ወራት «ከሰል አፈናቸው» የሚለው ዜና በኢትዮጵያ ደጋ ከተሞች የሚደጋገመው ለዚህ ነው። ማንደጃ ይዞ ተዘግቶ ማደር አይገባም፤ ራስ ምታት የጀመረው ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ይወጣል፣ ቀጥሎ ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሐረጎን ያልፋል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ጆሮ ይደፍናል። ደሴ 2,500፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። አሽከርካሪው በጥምዝምዙ መንገድ ቢወርድ፣ እግረኛው በአቋራጭ ቢንደረደር፣ ሌላው በሌላ ሸለቆ ዞሮ ቢመጣ ሁሉም 650 ሜትር ያህል ዝቅ ብለዋል። መንገዱ ይለያያል፤ ከፍታው አይለያይም። ጄኔቫ ተወልዶ በሴንት ፒተርስበርግ ያስተማረው ጀርሜን ሄስ እ.ኤ.አ. በ1840 ስለ ኬሚካላዊ ሙቀት የተናገረው ይህንኑ ነው። ለውጡ በአንድ እርምጃም ይሁን በአሥር፣ መነሻውና መድረሻው አንድ ከሆኑ ጠቅላላው ሙቀት አንድ ነው። የማንደጃው 111 እና 283 ተደምረው 394 የሆኑት ለዚህ ነው።

ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ስላላት ምሳሌውን እዚያው ማግኘት ይቻላል። አንድ ሞል ግሉኮስ፣ 180 ግራም መሆኑ ነው፣ እስከ መጨረሻው ቢነድ 2,805 ኪሎጁል ይሰጣል። እርሾ ግን አያነደውም፤ ወደ ሁለት ሞል አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ያ አልኮል በኋላ ቢነድ 2,734 ኪሎጁል ይወጣዋል። ልዩነቱ 71 ነው። እርሾው በመንገድ ላይ ያራገፈው እሷን ነው፤ ትንሽ ብትመስልም በትልቅ ማብላያ ታንክ ውስጥ ስትጠራቀም ቢራውን ልታበላሽ ስለምትችል የቢራ ፋብሪካዎች ታንኮቻቸውን ያቀዘቅዛሉ። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ጋኑን፣ በማይጠመቅበት ቤት የሊጡን ቡሃቃ የዳሰሰ ሰው ለብ ማለቱን ያውቃል። አረቄ በክብሪት ሲያዝ የሚነደው ደግሞ የቀረው 2,734 ነው።

ከሁሉ የሚያምረው ሂሳብ ግን የኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ከ900 ዲግሪ በላይ በሚግል እቶን ውስጥ ሲገባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅና ኖራ ይሆናል። ለአንድ ሞል 178 ኪሎጁል ይወስዳል፤ ደጀን፣ ሙገርና ደርባ ያሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ነዳጅ ከሚበላባቸው ነገር አንዱ ይኸው ለውጥ ነው። ውሃ ያልነካው ኖራ ታዲያ ብድሩን የሚከፍለው በሁለት ጊዜ ነው። ግንበኛው በርሜል ውስጥ ውሃ ሲያፈስበት እየተንፈቀፈቀ ይፈላል፣ እንፋሎት ይተፋል፣ ዐይን ቢነካ ያጠፋል። እዚህ ላይ 65 ኪሎጁል ይመለሳል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ኖራ በዚህ መንገድ የሚሰጠው ሙቀት፣ ባይባክን ኖሮ፣ ሦስት የደሴ ጀበና ያፈላ ነበር። ቀሪው 113 የሚመለሰው ኖራው ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ነው። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ፣ ለወራት፣ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ግድግዳው እየሞቀ ነው፤ ግን በጣም በዝግታ ስለሆነ እጅ አይሰማውም። 65 እና 113 ሲደመሩ 178። ድንጋዩ ወደ ድንጋይነቱ ሲመለስ እቶኑ ያበደረው አንድም ሳይጎድል ተመልሷል።

ጋራዥ ያለፈ ተማሪ ሌላም አይቷል። በያጁ ውሃ ባለበት በርሜል ውስጥ ካርባይድ ሲጨምር በርሜሉ ይሞቃል፤ 127 ኪሎጁል በሞል። የሚወጣው አሴቲሊን ግን ገና ሲፈጠር ጀምሮ ኃይል የጠገበ ጋዝ ነው፤ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ለመሥራት 227 ኪሎጁል ያስገባል። በኦክስጅን ሲነድ ይህንኑ ጨምሮ ስለሚመልስ ነበልባሉ ከ3,000 ዲግሪ ያልፋል፤ 1,500 አካባቢ የሚቀልጠው ብረት ፊቱ አይቆምም።

የሚያቀዘቅዝ ለውጥ ለማየት ይህ ሁሉ ጣጣ የለውም። አንድ ብርጭቆ፣ ሁለት ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ይበቃሉ። የሎሚው ውሃ ብርጭቆው ውስጥ ይጨመቃል፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ሁለት ማንኪያ ሶዳ። አረፋው ሲገነፍል የተንተከተከ ይመስላል፣ ዐይን ሙቀት ይጠብቃል፤ ጣት ግን ቅዝቃዜ ያገኛል። ዩሪያ ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ ሲሟሟም ጣሳው እንደዚሁ ይቀዘቅዛል። ይሄኛው መሟሟት እንጂ ሙሉ ኬሚካላዊ ለውጥ አይደለም ብለው የሚከራከሩ አስተማሪዎች አሉ፤ ክርክሩ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ቅዝቃዜው ግን እውነት ነው። ቴርሞሜትር ካለ በየግማሽ ደቂቃው ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ከሌለም የጓደኛ እጅ አለ። ማዳበሪያ የነካ ብርጭቆ ግን አይጠጣበትም።

በመጨረሻ ተማሪው ራሱ አለ። ቁርሱ እንጀራም ይሁን ዳቦ መጨረሻው ግሉኮስ ነው፤ ያ 2,805 ኪሎጁል ያለ ነበልባል፣ በ37 ዲግሪ፣ በብዙ ትንንሽ እርምጃ ይከፈላል። ሄስ ቢጠየቅ ድምሩ በክብሪት ከማንደድ አይለይም ይላል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ ተጨናንቆ ሲቀመጥ 6 ኪሎዋት ገደማ መሆኑ ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ስለሚስብ፣ ሁለት ምጣድ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ብርዱ ከጦሳ ገና እየወረደ ሳለ የመስኮቱ መስታወት ጥግ ጥጉን ጉም ይይዛል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጃኬት የሚወልቀው ፀሐይ ስለወጣ ብቻ አይደለም።